እናቴን አስታምማለሁ፤ እኔን ማን ያግዘኛል?

የመጨረሻዋ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የሌሎችን ጥያቄ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ።

እናቴን ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታት። ደም ግፊት ነበረባት፣ መድኃኒቱን "ተሽሎኛል" ብላ አቁማው ነበር። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፤ ንግግሯም ተወስዷል። ከአፏ የሚወጣው "ማርያም" የሚለው ብቻ ነው፤ ውሃ ስትፈልግም "ማርያም"፣ ሲያማትም "ማርያም"። ከሆስፒታል ስትወጣ የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ወረቀት ተሰጠኝ። እንዴት እንደምትገላበጥ፣ እንዴት እንደምትጎረስ ግን ያሳየኝ የለም። ያቺን ታህል የማውቀውን ያስተማሩኝ ከጎናችን አልጋ የነበሩ አስታማሚዎች ናቸው።

አራት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ሌላው ወንድሜ እዚሁ ሰሚት ሚስትና ልጆች ይዞ ይኖራል። እኔ አላገባሁም፣ የምኖረውም ከእናቴ ጋር ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይነጋገርበት ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ገንዘብ ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ቀን ቀን የምትይዛት ልጅ ቀጥረናል፤ እኔ ከቢሮ ስገባ እሷ ወደ ማታ ትምህርቷ ትሄዳለች። ከዚያ እስከ ንጋት እኔ ነኝ። ሌሊት ተነስቼ አገላብጣታለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ፣ ጠዋት ደግሞ ሂሳብ መዝገብ ፊት እቀመጣለሁ።

ቅዳሜና እሁድ ጠያቂ ይመጣል። ሰው ወዳጅ መሆኑ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ለመጣው ሁሉ ቡና ይፈላል፣ ቁርስ ይቀርባል፣ "እንዴት ጀመራት?" ተብሎ ከሥሩ ይተረካል። "በርቺ፣ የእናት ምርቃት ነው" ብለው ይሄዳሉ፤ እኔ በር ሸኝቼ ስመለስ እናቴ እርጥብ ሆና ሲኒው ሳይታጠብ ይጠብቀኛል።

ሰሞኑን ትዕግሥቴ እያለቀ ነው። ምግብ ስትተፋ ድምፄ ይከራል። ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ ባገኝም አልተኛም። እናንተ እንዴት ነው የምትችሉት? የሚያበረታ ቃል ብዙ ሰምቻለሁ፤ የምፈልገው ሰው በእርግጥ ያደረገውን ነው።


ሲስተር ከሐዋሳ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። እኛ ጤና ተቋም ውስጥ ለታማሚው ካርድ እናወጣለን፤ አስታማሚው ካርድ የለውም። ስናሰናብት አስቀምጠን ማሳየት የሥራችን አካል ነው፣ ወረፋ ሲያጣድፈን ይዘለላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ገብተሽ "በእጄ እየሠራሁ አሳዩኝ" በያቸው። መብትሽ ነው።

እስከዚያው ወገብሽን የሚያድን ነገር ልንገርሽ። አንድ አንሶላ ለሁለት አጥፈሽ ከትከሻዋ እስከ ጭኗ ድረስ ከሥሯ አንጥፊ። ወደ ትራስ ከፍ ስትደረግ የሚሳበው ያ አንሶላ ነው፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ጠርዙን ጠቅልሎ ይይዝና እኩል ያነሳል። ብብቷን ይዘሽ አትጎትቺ። ብቻሽን ሆነሽ ስታገላብጫት ደግሞ ከአንቺ ራቅ ያለውን ጉልበቷን እጠፊ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጊ፣ ከዚያ ትከሻዋንና ዳሌዋን ይዘሽ ወደ ራስሽ አዙሪያት። ወደ ወዲያ ከገፋሻት ከአልጋ ልትወድቅ ትችላለች። የደከመውን ቀኝ እጇን ይዞ መሳብ ፈጽሞ አይሆንም፤ የትከሻዋ መገጣጠሚያ ይለቃል፣ ሕመሙም ሁለታችሁንም ሌሊት አያስተኛችሁም።

በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ የሚባለው ለአልጋ ቁስል ነው። በአየር የሚሞላ ፍራሽ ማግኘት ከቻላችሁ ሌሊቱን ማራዘም ይቻል እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ፤ ለአንቺ እንቅልፍ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ስታጥቢያት ተረከዟን፣ ዳሌዋንና የጀርባዋን ታች ተመልከቺ። መጽሐፉ "ቅላት ፈልጉ" ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በመዳፍሽ ዳሺው። ከአካባቢው የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ካለ ቁስሉ ከሥር ጀምሯል ማለት ነውና በዚያ ጎን አትተኛ።

ምግብ መትፋቷን በእልህ አትይዢባት። ብዙ ጊዜ የመዋጥ ጡንቻው ደክሞ ነው። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ በትንሽ ማንኪያ በደህናው ጎን በኩል አጉርሻት፣ ከበላች በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳትተኛ ትቆይ። ቀጭን ውሃ ከወፍራም አጥሚት ይልቅ ትን የሚላት ከሆነ ይህን ለሐኪም ንገሪ፤ ወደ ሳንባ የገባ ምግብ የሳንባ ምች ያመጣል። ዝም ብላ የምታለቅስ፣ ምግብ የምትጠላ ከሆነም ንገሪ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ድብርት ይይዘዋል፤ ይታከማል።

አሁን ወደ አንቺ። በዓለም ላይ ሐኪሞች የአስታማሚን ድካም የሚለኩበት የዛሪት መጠይቅ የሚባል አለ፤ 22 ጥያቄ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ "ከታማሚው ጋር ስትሆን ትናደዳለህ ወይ?" የሚል ነው። ይህን ያህል የታወቀ ነገር ነው። ንዴትሽ ከልብሽ ክፋት የመጣ አይደለም፤ ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ ነው። እና አደራ፣ የራስሽን ደም ግፊት ተለኪ። በቤተሰብ ያለ ነገር ነው፣ ራስ ምታትም አለብኝ ብለሻል።


እናት ዓለም (ደሴ)

ልጄ እግዚአብሔር ያበርታሽ። አንድ ነገር ግን ከብዶኛል፣ ልናገረው። የእናት ገመና በአደባባይ አይወራም። እኔ አማቴን ለዓመታት አልጋ ላይ አስታምሜ ቀብሬያለሁ፤ ደከመኝ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ዛሬ ልጆቼ ለወግ ለማዕረግ የበቁት በእሳቸው ምርቃት ነው። ጠያቂ መጣብኝ ማለትስ ምን ይባላል? የሚያስቆጭሽ ጠያቂ ሲጠፋ ነው።


የባሕር ዳሩ ልጅ

እማማ፣ ቁጣዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። አንድ ጥያቄ ይፍቀዱልኝ፦ አማትዎን ሲያስታምሙ በዚያ ቤት ስንት ሰው ነበር?

እኔ አባቴን የማስታምም ወንድ ልጅ ነኝ። የመርሳት በሽታ ነው ያለበት። ሰፈር ውስጥ "ጃጅቷል" ነው የሚሉት፤ እኛም ለረጅም ጊዜ እርጅና ነው ብለን ነበር፣ ሐኪም ጋ የወሰድነው ዘግይተን ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሳና "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" ይላል። ራሱ ድንጋይ ጠርቦ በሠራው ቤት ውስጥ ቆሞ። መጀመሪያ ላይ "አባዬ፣ ቤትህ እኮ ይህ ነው" እያልን እንከራከረው ነበር፤ ይብስበታል፣ ዱላ ያነሳል። አሁን "እሺ እንሂድ" እለውና ጋቢውን አልብሼው ግቢውን እንዞራለን። በመንገድ ላይ ስለ በሬዎቹ እጠይቀዋለሁ። የበሬዎቹን ስም አንድም አልረሳም። ዞረን ስንገባ "ደረስን" ይላል። ኪሱ ውስጥ ስልክ ቁጥሬን በጨርቅ ላይ ሰፍቼ አስቀምጫለሁ፤ ለባለ ሱቁና ለባጃጅ ነጂዎቹም ነግሬያቸዋለሁ።

ለአንቺ የምመክርሽ፣ ወንድምና እህቶችሽን ለየብቻ አትለምኚ። ለየብቻ ሲጠየቅ ሁሉም ምክንያት አለው። እኛ የአባቴን ታናሽ እህት ለመንናት፤ ሁላችንም የምንፈራት እሷን ነው። አንድ እሁድ ሰበሰበችን፣ ውጭ ያለውም በስልክ ገባ። እኔ ቀኑ ከንጋት እስከ ንጋት እንዴት እንደሚያልፍ በወረቀት ጽፌ ይዤ ሄድኩ፦ ሰዓቱ፣ ሥራው፣ ማን እንደሚሠራው። በሠሪው ረድፍ ላይ ከላይ እስከ ታች የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበር። አክስቴ ጮክ ብላ አነበበችው። ክርክር አልተነሳም፤ ታላቄ "እሁድን ለእኔ ስጠኝ" አለ።


እናት ዓለም (ደሴ)

ልጄ ጥያቄህ አላስተኛኝም። ልክ ነህ። ሁለት የባሌ እህቶች ነበሩ፣ አንዲት አሳዳጊ የሌላት ልጅ ነበረች፣ እናቴም በየገበያው ቀን ትመጣ ነበር። እኔ አማቴ ጎን ስቀመጥ ሊጡን የሚያቦካ፣ ውሃ የሚቀዳ አልጠፋም። ሌሊትም በተራ ነበር የምንነሳው። ይህች ልጅ ብቻዋን ናት፤ ያንን አላየሁትም ነበር።

እንግዲያው ስለ ጠያቂው አንድ ልበል። በእኛ ጊዜ ታማሚ ልትጠይቅ የምትመጣ ሴት እንጀራዋን ይዛ ትመጣለች፣ ገብታም ነጠላዋን አስቀምጣ ልብስ ታጥባለች። ቁጭ ብላ ቡና የምትጠብቅ አትመሰገንም ነበር። ቡና አታፍዪ ልጄ። ታላቅ ሴት ካለች እሷ ትናገርልሽ፤ ከአንቺ አፍ ሲወጣ ነውር ይመስላል፣ ከአክስት አፍ ሲወጣ ሥርዓት ነው።


ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ በታላቅ ወንድምሽ ቦታ ያለሁ ሰው ነኝ። እናቴ ጅማ ናት፣ እህቴ ይዛታለች። ከዚህ ሆኖ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ። ስንደውል "ደህና ናት፣ ተመስገን" ትሉናላችሁ። እኛም ደህና ናት ብለን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። እኛ እንዳንጨነቅ ነው፣ ገብቶኛል፤ ግን በዚያ ምክንያት የምንልከው ለመድኃኒት ብቻ ይሆናል።

ለወንድምሽ "ደክሞኛል" ብትዪው "አይዞሽ" ይልሻል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። "በሳምንት ሦስት ሌሊት የምታድር ሴት በወር ይህን ያህል ትጠይቃለች፤ እሷን አንተ ትከፍላለህ" በዪው። ቁጥርና ስም ያለው ጥያቄ ወንድ ልጅ ይመልሳል። እኔ እህቴን "ምን ልላክ?" እያልኩ ስጠይቃት "ምንም" ነበር መልሷ። አንድ ቀን ግን "ማታ የምታግዘኝ ሰው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የዚያች ሴት ደሞዝ የእኔ ነው፣ ከኪራዬ እኩል ነው የማየው።

ወንድምሽ ለእረፍት ሲመጣ እንግዳ ሆኖ አይምጣ። ሻንጣውን እንዳስቀመጠ አንሶላ መሳቡን አሳዪውና አንቺ ከቤት ውጪ። አክስት ቤት፣ ገዳም፣ የትም።

እዚህ አሜሪካ ወላጅ የምታስታምሙ ካላችሁም ልጨምር። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤፍ ኤም ኤል ኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ወላጅ ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ክፍያ የለውም፣ ሥራችሁ ግን ይጠበቃል። ድርጅቱ 50 ሠራተኛ ሊኖረው፣ እናንተም ዓመት ሠርታችሁ ባለፉት 12 ወራት 1250 ሰዓት ልትሞሉ ይገባል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በግል ድርጅት የምትሠሩ በከተማው ሕግ የሚከፈልበት የቤተሰብ ፈቃድ አላችሁ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ወላጃችሁ ሜዲካል የሚባለው የክፍለ ግዛቱ የጤና መድን ካላቸው አይ ኤች ኤስ ኤስ በሚባለው ፕሮግራም ስታስታምሟቸው በሰዓት ሊከፈላችሁ ይችላል። "እናቴን አስታምሜ እንዴት ገንዘብ እቀበላለሁ?" ብለው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ያ ገንዘብ ሁለተኛ ሥራችሁን ትታችሁ እናታችሁ ጎን እንድትሆኑ ነው የተቀመጠው። ጠይቁ።


የነታንያዋ

ከእስራኤል ነኝ። እዚህ ቢቱዋህ ሌኡሚ (ብሔራዊ የመድን ተቋሙ) የጡረታ ዕድሜ ደርሰው ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመብላት ሰው ለሚያስፈልጋቸው ስዑድ የሚባል የእንክብካቤ አበል ይሰጣል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ስድስት ደረጃ አለው። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ሽማግሌዎቻችን እንግዳ ፊት ደከምኩ አይሉም። ሁኔታውን የሚያይ ሰው ቤት ሲመጣ አባቴ ነጠላውን አስተካክሎ ከወንበሩ ብድግ አለና "ራሴ እታጠባለሁ፣ ምን ጎደለብኝ" አለ። ያን ጠዋት እኔና እህቴ ነበርን ያጠብነው። አጠገቡ ባንሆንና ባናስረዳ ኖሮ እውነቱ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ልጅ አብሮ ይገኝ፣ አባትም እንዳያፍር ውጭ በር ላይ ለብቻ ይነገር። አማርኛ የምትናገር ተንከባካቢ መጠየቅም አትርሱ። ዕብራይስጥ የማይሰሙ ሰው ቋንቋቸውን ከማታውቅ ሴት ጋር ቀኑን ሙሉ ሲዘጋባቸው ይከፋቸዋል፣ ድካሙም ተመልሶ ልጅ ላይ ነው የሚያርፈው።


የመጨረሻዋ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እናት ዓለም፣ መልስዎን ሳነብ አለቀስኩ፤ በቁጣዎ አልተቀየምኩም። ሲስተር፣ አንሶላው ሠራ! ቀን ከምትይዛት ልጅ ጋር ሞከርነው። እናቴ ወደ ላይ ስትወጣ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ሳቋን አላየሁም ነበር።

የሥራ ነገርስ? የዓመት ፈቃዴን በሐኪም ቀጠሮ ጨርሻለሁ። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን "ሕጉ አይፈቅድም" ይለኛል።


የሰው ሀብት

በግል ድርጅት የምትሠሪ ከሆነ የሚገዛሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አለቃሽ በከፊል ልክ ነው፦ ወላጅ ለማስታመም የሚከፈልበት ፈቃድ በአዋጁ የለም። ሦስት ቀን ከክፍያ ጋር የሚሰጠው ወላጅ ሲሞት ነው። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሕጋችን ለለቅሶ ቦታ ሰጥቷል፣ ለማስታመም ግን ገና ነው።

ሆኖም አንቀጽ 81 ለየት ያለና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፤ በአንድ በጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ አይሆንም። ይህን በጽሑፍ፣ የሐኪም ማስረጃ አያይዘሽ ጠይቂ። የዓመት ፈቃዱም ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ ለየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል፤ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። ለቀጠሮ ቀን ቀን እየቆነጠርሽ አትጨርሺው። ቀጠሮውን ሰሚት ያለው ወንድምሽ ይውሰዳት፤ አንቺ ፈቃድሽን ተኚበት።

ከሕጉ ውጪ ደግሞ አሠሪሽን ሰዓት ጠይቂ። የሂሳብ ሥራ ነው ብለሻል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ገብቶ ማታ ማካካስ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ከቤት መሥራት ብዙ አለቃ ሳይከብደው የሚፈቅደው ነው። የጽሑፍ ስምምነት ይሁን፣ አለቃ ሲቀየር እንዳይጠፋ።


የናቲ እናት

የእኔ ታማሚ እናት አይደለችም፣ ልጄ ነው። ኦቲዝም አለበት። አጭር ነው የምጽፈው፣ አሁን ተኝቷል።

ለእኔ እረፍት የሆነኝ ያው ዓይነት ቤት ያላቸውን እናቶች ማግኘት ነው። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የጀመረችው ለራሷ ልጅ ትምህርት ቤት ብታጣ ነው፤ አንዲት እናት ለሌሎቻችን በር ከፈተች። ለስትሮክና ለመርሳት በሽታ አስታማሚዎችም እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልጋል። ፊዚዮቴራፒ ተራ ስትጠብቂ አጠገብሽ የምትቀመጠዋን ሴት ስልክ ተቀበያት። እኔ ሌሊት ማንም ሳይነሳልኝ የምጽፍላቸው ሁለት እናቶች አሉኝ፤ "ዛሬም አልተኛም?" ሲሉኝ ማስረዳት አያስፈልገኝም።


የእድር ጸሐፊ (አዲስ አበባ)

ይህን ውይይት ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። እኔ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ፣ እና ስለ ራሳችን ቤት እናገራለሁ።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያቀርባል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። አባል ሳይሞት ዓመት ሙሉ ሲተኛ ግን ደንባችን ዝም ይል ነበር። የተኛው ሰው መዋጮ እየከፈለ፣ አስታማሚው በር ዘግቶ እየወደቀ፣ እኛ ቀብሩን እንጠብቃለን። ይህ ያንገበግበኛል።

አዲስ ሐሳብም አይደለም። ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ባዶ ሲያደርግ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ወደ መርዳት ገብተዋል። ፈቃደኛ ሴቶች ሠልጥነው ቁስል ያጥቡ፣ አጥሚት ያጠጡ ነበር። መድኃኒቱ መጣ፣ ሰው ዳነ፣ ተመስገን፤ ልምዱ ግን ተረሳ።

በእኛ እድር ጠቅላላ ጉባኤ ተነጋግረን አንድ አንቀጽ አስገባን። በቅርብ የሚኖሩ አባላት ተራ ይዘው በሳምንት አንድ ከሰዓት ከታማሚው ጋር ይቀመጣሉ፤ አስታማሚው ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ማንም አልጠየቀንም። ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ደንቡን አሻሻልነው፤ አስታማሚው አመልካች መሆኑ ቀረ፣ የሴቶች ክፍል ኃላፊዋ ራሷ ቤት ሄዳ ቀኑን ታስመርጠዋለች። ሁለተኛው ማሻሻያ ለተረኛ ቡና እንዳይፈላ የሚከለክለው ነው። ሳቅ ተነሳ በጉባኤው፣ ግን እሱ ነው ነገሩን ያስቻለው። ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጎን አሁን ሁለት ዊልቸርና አንድ የአየር ፍራሽ በእድሩ ንብረት መዝገብ ላይ አሉ፤ የሚያስፈልገው ይወስዳል፣ ሲበቃው ይመልሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።


ሲስተር ከሐዋሳ

ጸሐፊው፣ ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። ተረኞቹን አንድ ቀን ነርስ ታሠልጥናቸው፤ በተለይ ማጉረሱን።

ሌላ ለሚያነቡም፦ አዲስ አበባ ውስጥ ካንሰርና ሌላ የማይድን ሕመም ላለበት ሰው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ ሕመም ያስታግሣል፣ ቤተሰብንም ይደግፋል። ጧሪ ዘመድ ለሌላቸው አረጋውያን ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ አለ። ልጆች ያሏት እናት ግን ቦታዋ ቤቷ ነው፤ ቤቱን ነው ማጠናከር።

የመጨረሻዋ ልጅ፣ አንድ የረሳሁት። ቀኝ ጎንና ንግግር አብረው የተያዙት የአንጎሏ ግራ ክፍል ስለተጎዳ ነው። ዜማ ግን የቀኙንም ክፍል ያሠራል። መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ ይዘምራል። ከልጅነቷ የምታውቀውን መዝሙር አብራችሁ ሞክሩ። ስትጠይቂያትም አዎ ወይም አይ የሚመለስ ጥያቄ ይሁን፣ አንድ በአንድ፤ ከምትናገረው ይልቅ የምትሰማው ብዙ ነው።


የመጨረሻዋ ልጅ (አዲስ አበባ)

ከቆየሁ በኋላ ተመለስኩ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛልና ልንገራችሁ።

አክስቴን ለመንኩ፣ ሰበሰበችን። እንደ ባሕር ዳሩ ወንድማችን ቀኑን በወረቀት ጽፌ ይዤ ገባሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ "ይህን አላውቅም ነበር" አለ። የምታድር ሴት ደሞዝ የእሱ ሆኗል። የመጀመሪያዋ ሴት አልቆየችም፣ አሁን ሁለተኛዋ ጋ ነን። ሰሚት ያለው ወንድሜ ቅዳሜ ማታ መጥቶ ያድራል። የእናቱን ገላ ማጠብ ከብዶት ነበር፤ ለወንድ ልጅ ነውር ነው ብሎ። አክስቴ "አንተን ስታጥብህ ነውር ነበር?" አለችው። ገላዋን ማታ የምታድረው ሴት ታጥባለች፣ ማገላበጥና ማጉረስ ግን የእሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ቀርቷል፣ በሌላ ቀን ተካው።

የዱባይ እህቴ ገንዘብ እንድትጨምር አልፈለግንም፤ እሷም ሰው ቤት ደክማ ነው የምታድረው። ማታ ማታ በስልክ ለእናቴ መዝሙር ትዘምርላታለች። ባለፈው ሳምንት እናቴ ሁለተኛው መስመር ላይ ተቀበለቻት። ቃላቱን በሙሉ፣ አጥርታ። እህቴ ስልኩን ጥላ ጮኸች፣ አሠሪዋ ደንግጣ መጣች።

ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ሲስተር፣ ክትትል ጀምሬያለሁ። ቢሮ ረቡዕን ከቤት እንድሠራ ፈቅደውልኛል። አሁንም ይደክመኛል፣ ድምፄም አንዳንዴ ይከራል። ግን ቅዳሜ ሌሊት እተኛለሁ።

ጸሐፊው፣ የእኛን እድር ዳኛ አነጋግሬያቸው ነበር። "ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በጽሑፍ አምጪው" አሉኝ። ያን አንቀጽ እዚህ ሊያሰፍሩልን ይችላሉ?


የእድር ጸሐፊ (አዲስ አበባ)

በደስታ። ለማንም እድር ይሆናል፣ እንደ ሰፈራችሁ አስተካክሉት፦

"አባል ወይም አብሮት የሚኖር ቤተሰብ በሕመም ከአንድ ወር በላይ የተኛ እንደሆነ፣ የሴቶች ክፍል ኃላፊ ቤቱን ጎብኝታ ለሥራ አመራሩ ታሳውቃለች። ሥራ አመራሩ በቅርብ ከሚኖሩ አባላት ሁለት ሁለት እየመደበ፣ አስታማሚው በመረጠው ቀን በሳምንት ከአራት ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ከታማሚው ጋር እንዲቀመጡ ያደርጋል። ተረኛ ያለ በቂ ምክንያት ቢቀር ከቀብር እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣል። ለተረኛ ምግብም ሆነ ቡና አይቀርብም። ተረኛ በቤቱ ያየውንና የሰማውን ውጭ አያወራም። እድሩ ያለውን ዊልቸር፣ ፍራሽና የመሳሰለውን ያለ ክፍያ ያውሳል።"

ገመናን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር እንዳይወጣ፤ ሰው በሩን የሚከፍተው በእሱ ነው። ለዳኛው ስትሰጪ የሦስት አራት አባላት ፊርማ አስደርጊበት፣ በጠቅላላ ጉባኤው አጀንዳ ውስጥ እንዲገባ። ጉባኤያችሁ መቼ እንደሆነ ብትነግሪኝ መጥቼ ላስረዳ እችላለሁ።